ራስን መግዛትና ተሰሚነት፦ የጀመሩት ለሚቀርባቸው ሰዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በመስከረም መጀመሪያ «ከዛሬ ጀምሮ» ብለው የተነሡበት ነገር ሁለተኛው ሳምንት ሳይሞላ የሚቀርባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹም ጥፋቱን በተፈጥሯቸው ላይ ጥለው «እኔ ቁርጠኝነት የለኝም» ይላሉ። ይኸው ሰው ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ወተት ሳይቀምስ ይከርማል፤ ሙስሊም ከሆነም ረመዳን በባሕር ዳር ሙቀት ላይ ሲውል ውሃ ሳይጠጣ እስከ ማታ ይቆያል። የመጀመሪያው ምክንያት እምነቱ መሆኑ አያጠራጥርም። ከእምነቱ ጎን ግን ትልቅ ዝግጅት አለ፦ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል፤ ጎረቤቱም ዘመዱም አብሮ ይጾማል፤ ቤት ውስጥ የሚያስጎመጅ ነገር አይሠራም፤ «ዛሬስ ልብላ ወይስ ልተው?» የሚለው ጥያቄም በየሰዓቱ አይነሣም። በግላችን የምንጀምረው ነገር ይህን ሁሉ ሳያገኝ በልብ ግለት ብቻ ስለሚጀመር ይቀራል።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ያንን ዝግጅት ለግል ውሳኔ እንዴት እንደሚያደርጉት ያሳያሉ። የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ደግሞ ራስን መግዛት በመሥሪያ ቤት፣ በእድርና በቤተሰብ መካከል ወደ ተሰሚነት የሚያድግበትን መንገድ ይመለከታሉ። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ፤ በተለይ ከ1 እስከ 3 ያሉትን ሳይጨርሱ ወደ 7 የሚሄድ ሰው ለሌሎች የሚገባው ቃል ሁሉ ይሰበርበታል።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልግዎ አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ የሚያምኑት ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀንዎን በጥንቃቄ ይምረጡ፤ የጥር ሠርግ በተደራረበበት ሳምንት፣ ፈተና በደረሰበት ጊዜ ወይም ቤት በሚቀይሩበት ሰሞን አይጀምሩ። ሰኞ መሆኑ ግዴታ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ በየቀኑ ብዙ አልኮል የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ የሚመስል መናወጥ ሊደርስበት ይችላል፤ ይህም ለሕይወት ያሰጋል። እንዲህ ያለ ሰው መጠጥ ለመተው ይህን መመሪያ ብቻውን አይጠቀም፤ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ባሕር ዳር ውስጥ እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ያሉ ሆስፒታሎች አሉ፤ ችግሩን ለሐኪም መናገር የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያለበት ሰውም «ፈቃዴ ደከመ» ብሎ ራሱን ከመውቀሱ በፊት እንዲሁ ያድርግ።

አንድ የተሳሳተ እምነትም አሁኑኑ ይተዉ። ቁርጠኝነት እንደ ስልክ ባትሪ በሥራ ብዛት ያልቃል የሚለው አስተሳሰብ ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ በ1998 እ.ኤ.አ. ካወጡት ጥናት በኋላ በስፋት ተሰራጭቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. 23 ቤተ ሙከራዎች ከ2000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ በጋራ ሲፈትኑት ግን ያገኙት ውጤት ወደ ዜሮ የተጠጋ ነበር። ስለዚህ «ቀኑን ሙሉ ደክሜአለሁና ማታ ራሴን መግዛት አልችልም» የሚለውን ምክንያት እንደ ተፈጥሮ ሕግ አይቀበሉት። እንቅልፍ ግን ሌላ ነገር ነው። የጣና ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ካላደረቀው ውሃ እየጠጣ ይከብድና መስመጥ ይጀምራል፤ ሳይተኛ የሚያድር ሰው ውሳኔም እንዲሁ ነው። እንቅልፍዎ የተበላሸ ከሆነ የመጀመሪያ ግብዎ እሱ ይሁን።

ደረጃ 1፦ ሰባት ቀን ምንም ሳይቀይሩ ይመዝግቡ

ሊተዉት ወይም ሊጀምሩት የሚፈልጉትን ነገር ያስቡና ለሰባት ቀን ምንም ሳይለውጡ፣ በተሸነፉ ቁጥር አራት ነገር ይጻፉ፦

1. ሰዓቱን፣
2. ቦታውን፣
3. አብሮዎት የነበረውን ሰው፣
4. ከዚያ ቀደም ብሎ የሆነውን ነገር።

ለምሳሌ ገንዘቡን በስፖርት ውርርድ የሚጨርስ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ «ሁልጊዜ ነው የምጫወተው» ይላል። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ያሳየዋል፦ የተጫወተው ሁሉ ከሥራ ሲወጣ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር በእግሩ ሲሄድና በቴሌብሩ ውስጥ ገንዘብ ሲኖር ነው። እንግዲህ የሚዋጋው ከሃያ አራቱ ሰዓት ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት ተኩል፣ ከአንድ መንገድና ከአንድ ልማድ ጋር ነው።

መመዝገብ ቢረሱ ከመኝታ በፊት የሚያስታውሱትን ይጻፉ። ሦስት ቀን ተከታትሎ ከተረሳ ሰባቱን ቀን እንደገና ይጀምሩ። መዝገቡ ካልተሟላ ደረጃ 3 ላይ ምን እንደሚቀይሩ አያውቁም።

ደረጃ 2፦ አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ፤ አነስ ያድርጉት

እዚህ ላይ የሚሰናከለው ሰው ከሁሉም ይበዛል። ማንበብ፣ መሮጥ፣ መቆጠብና ጫት መተው በአንድ ሰኞ ከተጀመሩ አራቱም በአንድ ሳምንት ይቀራሉ። አንዱን ይምረጡና በሚቆጠር መልክ ይጻፉት። «ማንበብ እጀምራለሁ» የሚለው ምኞት እንጂ ውሳኔ አይደለም። «ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከእራት በኋላ፣ አምስት ገጽ አነባለሁ» የሚለው ግን ሲመሽ ተፈጸመ ወይም አልተፈጸመም ሊባል ይችላል።

መጠኑን በመጥፎ ቀን ይለኩት፦ መብራት በጠፋበት፣ የነሐሴ ዝናብ በማያባራበትና እንግዳ በመጣበት ምሽት ሊያደርጉት ይችላሉ? ካልቻሉ ይቀንሱት። «ይህ ትንሽ ነው፣ ያሳፍራል» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ አይስሙት። በዚህ ደረጃ የሚገነቡት የአምስት ገጽ ዕውቀት አይደለም፤ ለራስ የገቡትን ቃል የመፈጸም ልማድ ነው።

ደረጃ 3፦ ራስዎን ከመታገልዎ በፊት ቦታውን ይቀይሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ የሚወስድ ሰው ቢኖር ይህን ቢወስድ እመርጣለሁ። ቪልሄልም ሆፍማንና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በጀርመን 205 ጎልማሶችን በየዕለቱ በተለያየ ሰዓት ስለሚመጣባቸው ምኞት በስልክ ጠይቀው ነበር። ራሳቸውን በመግዛት የተሻሉት ሰዎች ከምኞታቸው ጋር ሲታገሉ የሚውሉ አልነበሩም፤ እንዲያውም ትግሉ ከሌሎቹ ይልቅ ያንስባቸው ነበር። ከውጭ ስናያቸው ጠንካራ የሚመስሉን ሰዎች ብዙውን ጊዜ ፈተናው ወዳለበት ቦታ የማይሄዱ ናቸው።

መዝገብዎን ይዘው ይህን በቅደም ተከተል ያድርጉ፦

መንገዱን ይለውጡ። ከሥራ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በውርርድ ቤት ወይም በጫት መሸጫ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ሌላ መንገድ ይምረጡ። ባሕር ዳር ውስጥ በዘንባባው ጎዳና የሚሄዱ ከነበር በሐይቁ ዳር ይዙሩ፤ አሥር ደቂቃ ቢጨምርብዎ ኪሳራ አይደለም። በእግር መሄዱ ራሱ ፈተና ከሆነ ባጃጅ ይሳፈሩና እስከ ሰፈርዎ አይውረዱ።

ገንዘቡን ያርቁ። ገንዘብ ኪስ ውስጥ በነበረበት ዘመን ባዶ ኪስ ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ስልኩ ራሱ ኪስ ሆኗል። ደመወዝ በገባበት ዕለት የቤት ኪራዩን፣ የዕቁቡንና የቁጠባውን ድርሻ በሞባይል ወደማይንቀሳቀስ ሒሳብ ያዛውሩ። «ማታ አዛውራለሁ» አይበሉ፤ ጠዋት ቢሮ ከመግባትዎ በፊት ይሁን።

ስልኩን ከመኝታ ያስወጡ። የሚሞላበትን ቦታ ሳሎን ያድርጉትና ለመነሻ የሚደውል ተራ ሰዓት ይግዙ። ስልክ ትራስ ሥር አድርጎ «ዛሬ ቲክቶክ አላይም» ማለት ራስን በከንቱ ማድከም ነው።

መልካሙን ያቅርቡ። የሚያነቡት መጽሐፍ ከመደርደሪያ ወርዶ እራት የሚበሉበት ቦታ አጠገብ ይቀመጥ፤ የጠዋት ጫማዎ ማታ በር ላይ ይደር።

ቦታው የእርስዎ ካልሆነስ? በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ያለ ተማሪ የክፍል ጓደኞቹን ማስወጣት አይችልም፤ ራሱን ግን ማውጣት ይችላል። የተቸገረበትን ሰዓት ከመዝገቡ ያይና ያንን ሰዓት በቤተ መጻሕፍት እንዲውል ይወስን። ባለትዳር ከሆኑ ደግሞ ለውጡን ከማድረግዎ በፊት ከባለቤትዎ ጋር ይነጋገሩ። ሳይማከሩ የቤቱን ሥርዓት የሚቀይር ሰው በሦስተኛው ቀን የሚገጥመው ምኞቱ ሳይሆን ጠቡ ነው።

ደረጃ 4፦ መልሱን አስቀድመው ያዘጋጁ

የቀረውን ፈተና «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» በሚል ዓረፍተ ነገር ይዝጉት። ፒተር ጎልዊትዘርና ፓስካል ሺራን በ2006 እ.ኤ.አ. 94 ሙከራዎችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ መቼና የት ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው በዚህ መልክ የወሰኑ ሰዎች በጎ ሐሳብ ብቻ ከነበራቸው ይልቅ ግባቸውን በግልጽ በሚታይ ልዩነት ይፈጽሙ እንደነበር አግኝተዋል።

ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ነገር ይፈልጋል። መነሻው ዓይን የሚያየው ወይም ጆሮ የሚሰማው ይሁን፤ «ሲደብረኝ» ሳይሆን «የቢሮውን በር ዘግቼ ስወጣ»። መድረሻው ደግሞ የሚደረግ ነገር ይሁን፤ «አልጫወትም» ሳይሆን «ለእኅቴ ደውዬ እያወራሁ ቤት እደርሳለሁ»። ሦስት ያህሉን ጽፈው ጮክ ብለው ያንብቡ።

በእኛ ዘንድ ከሁሉ የሚከብደው ግን የራስ ምኞት ሳይሆን የሰው ልመና ነው። ጓደኛ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ሲል፣ አክስት «ካልጠጣህማ ተቀየምሁ» ስትል ደብተር አይረዳም። እምቢታው ሰውየውን የናቀ እንዳይመስል ሰውየውን ይቀበሉ፣ ነገሩን ይተዉ። ለታላቅዎ «ጋሼ፣ ግብዣዎን አክብሬ ነው የመጣሁ፤ እስኪመሽ አብሬዎት እጫወታለሁ፤ ጠጁን ግን ትቻለሁና ብርዝ ካለ ያምጡልኝ» ይበሉ። ለጓደኛዎ «በሞቴ አትበለኝ ወንድሜ፤ ቡናውን አብሬህ እጠጣለሁ፣ ጫቱን ግን ትቻለሁ» ይበሉት። ሁለቱም ላይ «ትቻለሁ» የሚለው ቃል እንዳይቀየር ይጠንቀቁ። «ለመተው እየሞከርኩ ነው» ያሉ እንደሆነ ድርድሩ ተከፈተ፤ ሁለተኛው «በሞቴ» ይከተላል።

ልመናው ከሁለት ጊዜ በላይ ከተደገመ አያብራሩ፤ ያንኑ መልስ ያንኑ ቃል ይድገሙ። ሦስተኛ ጊዜ ከሆነ ተነሥተው እጅዎን ይታጠቡ፣ ልጆቹን ያጫውቱ፣ ብቻ ከዚያ መቀመጫ ይነሡ።

ደረጃ 5፦ ምስክር ይያዙ

ዕቁብ የሚሠራው ለምን እንደሆነ ያስቡ። ብቻውን መቶ ብር ማስቀመጥ ያልቻለ ሰው ዕቁብ ሲገባ ሳያጓድል ይጥላል፤ ምክንያቱም ቀኑ የተወሰነ ነው፣ የሚያየው ሰው አለ፣ ቢያጓድል የሚጎዳው ሌላ ሰው ነው። ናቫ አሽራፍ፣ ዲን ካርላንና ዌስሊ ዪን በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት የፊሊፒንስ ጥናትም፣ የራሳቸውን ገንዘብ እስከተወሰነ ቀን ወይም መጠን እንዳያወጡ በፈቃዳቸው የሚያስሩበት ሒሳብ የቀረበላቸው የባንክ ደንበኞች ካልቀረበላቸው ይልቅ ቁጠባቸው እንዳደገ ያሳያል።

ለግል ውሳኔዎም እንዲሁ ያድርጉ። የሚያምኑትን አንድ ሰው ይምረጡ፤ ዘወትር እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ያሳዩት። የሚስቅብዎትን ወይም ስለሚወድዎ ብቻ «አይዞህ፣ ምንም አይደል» እያለ የሚያልፍዎትን አይምረጡ። ብዙ ሰው ዘንድ ማወጅም አይመከርም፤ አንድ የሚጠይቅ ሰው ከሃያ የሚያጨበጭብ ይሻላል።

ምስክሩ መጠየቅ ቢተው በዚያው ሳምንት ሌላ ይተኩ።

ደረጃ 6፦ ይቀጥሉ፤ ሲወድቁም በሥርዓት ይነሡ

ልማድ በ21 ቀን ይጸናል የሚለውን አይጠብቁ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን 96 ሰዎችን ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል፤ መካከለኛውም (ግማሹ ሰው ከዚያ ቀድሞ፣ ግማሹ ዘግይቶ የሚደርስበት) 66 ቀን ነበር። ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ግኝታቸው ነው፦ አንድ ቀን ማቋረጥ ልማዱን ያን ያህል አልጎዳውም።

የሚጎዳው ከውድቀቱ በኋላ የሚመጣው «ካፈርሁ አይመልሰኝ» የሚለው ስሜት ነው። በዕለቱ አንዴ የተሸነፈ ሰው ቀኑን ሙሉ፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ይለቃል። ስለዚህ ሲወድቁ፦

1. በዚያው ሰዓት ያቁሙ፤ «ዛሬ ከተበላሸ ነገ» አይበሉ።
2. በደብተሩ ላይ ሳይሸፍኑ ይጻፉ።
3. የደረጃ 1ን አራት ጥያቄዎች ይመልሱ።
4. በቦታው ላይ አንድ ነገር ይቀይሩ።
5. በማግስቱ ቢያንስ ግማሹን ይፈጽሙ፤ ሁለት ቀን በተከታታይ አይለፍ።

በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ከወደቁ ችግሩ ዕቅዱ ላይ ነው። መጠኑን በግማሽ ይቀንሱና ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ። ራስን መሳደብ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለው ምንም ስለማያስተካክል ነው።

ደረጃ 7፦ ለሰው የሚገቡትን ቃል ይቀንሱ፣ የገቡትን ይፈጽሙ

ለራስዎ የገቡትን ቃል ሁለት ወር ያህል ከጠበቁ በኋላ ወደዚህ ይምጡ። ፍራንቼስካ ሪጌቲና ካትሪን ፊንከናወር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት፣ ሰዎች ራሱን ይገዛል ብለው የሚያስቡትን ሰው ይበልጥ እንደሚያምኑ ያሳያል። ይህን ለማወቅ እርግጥ ጥናት አያስፈልግም ነበር፤ በየእድሩ ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚመረጠው ተናጋሪው ሳይሆን ቃሉ መሬት ጠብ የማይለው ሰው ነው። በሰው ዘንድ ተሰሚ መሆን የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ንግግር ማሳመር የሚመጣው በኋላ ነው።

አንድ ሳምንት ሙሉ በቀን ስንት ጊዜ «እሺ» እንደሚሉ ይቁጠሩ። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እያልን ስላደግን ሰውን ላለማስቀየም እሺ ብለን ሳንፈጽም እናስቀይመዋለን። ከአሁን በኋላ መልስ ከመስጠትዎ በፊት ጊዜው አለኝ? ገንዘቡ አለኝ? በእጄ ያለ ነገር ነው? ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ የማይመለስ ከሆነ «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት እመልስልዎታለሁ» ይበሉና በዚያ ሰዓት ይመልሱ።

እሺ ሲሉም ቀንና ሰዓት ይጨምሩበት፦ «ሪፖርቱን ሐሙስ ከሰዓት 9 ሰዓት አደርሳለሁ»። እንደማይደርስ ካወቁ ረቡዕ ይንገሩ እንጂ ሐሙስ 10 ሰዓት ላይ አይናገሩ። ቀድሞ የተነገረ መዘግየት እምነትን ብዙ አይነካም፤ ተጠይቆ የተነገረ ግን ይነካል።

ሰዓት ማክበር ከሁሉ ፈጥኖ የሚታይ ነው። «የሐበሻ ቀጠሮ» በለመደ ከተማ ውስጥ ለ2 ሰዓት ቀጠሮ ሩብ ጉዳይ ላይ የሚገኝ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ስሙ ይለወጣል። ለመንገድ የሚያስፈልገውን ጊዜ በጥሩ ቀን አይለኩ፤ ዝናብ ዘንቦ ባጃጅ በጠፋበት ቀን ይለኩ። የዘገየውን ሰው ግን አይውቀሱ፤ ሰዓት አክባሪነትዎን እንደ ዱላ ካነሡት ሰው ይርቅዎታል።

ደረጃ 8፦ በስብሰባ መካከል አንደበትዎን ይያዙ

ሰው በጥቂት ደቂቃ ቁጣ ለዓመታት የሠራውን ተሰሚነት ሊያጣ ይችላል፤ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የተባለው ለዚህ ነው። ከስብሰባ በፊት የሚያናድድዎትን ርእስና ሰው አስበው በደረጃ 4 መልክ ይጻፉ፦ «የመዋጮው ጉዳይ ሲነሣ፣ ሁለት ሰው እስኪናገር እስክሪብቶ ይዤ እጽፋለሁ»። ተራዎ ሲደርስ አስቀድመው የተቃዋሚዎን ሐሳብ እሱ ራሱ «አዎ፣ እንደዚያ ነው ያልሁት» በሚል መልክ ይድገሙ፤ ከዚያ የራስዎን በአጭሩ ይናገሩና ይቀመጡ።

ድምፅዎ አስቀድሞ ከፍ ካለ ዓረፍተ ነገሩን ለመጨረስ አይጣደፉ። እዚያው ያቁሙና «ይቅርታ፣ ድምፄ ከፍ ብሏል፤ ጥቂት ቆይቼ ልናገር» ይበሉ። ይህን በሰው ፊት ማለት ይከብዳል፤ አንዴ ያየ ጉባኤ ግን ይህን ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሲናገር ያዳምጠዋል።

በቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ልጅን «ስልክህን አስቀምጥ» ከማለትዎ በፊት የራስዎ ስልክ የት እንዳለ ይዩ። ስለ ራስዎ ለውጥ በየመድረኩ አይናገሩ፤ ሰው ከጠየቀዎት ያደረጉትን በአጭሩ ይንገሩት፤ ካልጠየቀዎት ይተዉት።

ደረጃ 9፦ እምነት ሸክም ሲያመጣ

ይህ ደረጃ በጥቂቶች ብቻ ይደረስበታልና ብዙ መመሪያዎች አይጽፉትም። ቃልዎ ሲታመን ሥራው ይበዛል፦ የዕቁብ ሰብሳቢነት፣ የእድር ገንዘብ ያዥነት፣ የባልና ሚስት ሽምግልና፣ በመሥሪያ ቤት ደግሞ ሌላው ያልጨረሰው ፋይል ሁሉ ወደ እርስዎ ይመጣል። ሁሉንም የተቀበለ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ሁሉንም ያጓድልና ከመነሻው በታች ይወርዳል። አዲስ ኃላፊነት ሲቀርብልዎ በዚያው መቀመጫ መልስ አይስጡ፤ ቤት ገብተው ደብተሩን ይክፈቱና በሳምንቱ ውስጥ ባዶ የሆነውን ሰዓት ይፈልጉ። ካለ፣ እስከ መቼ እንደሚያገለግሉ ወስነው ይቀበሉ። ከሌለ በማግስቱ ራስዎ ሄደው «አልችልም» ይበሉ፤ ይችላል ብለው የሚያምኑትን ሰውም አስቀድመው ፈቃዱን ጠይቀው ስሙን ይጠቁሙ።